አራት ነጥብ

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ደረጃው ሲታጠፍ፣
እዚያ ነው ሥራዬ፤ ቫይረስ ስነቅል፣ ፕሪንተር ሳራግፍ።
ጋሽ ወርዶፋ መጡ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣
በፌስታል ጠቅልለው ካሴትና ቴፕ፣ ገመዱ የላላ።
«ልጄ፣ ይሄ ኮምፒውተር ቴሌግራም ያነባል?» አሉኝ።
«ቴሌግራም?» ብዬ ስልኬን ሳነሳ፣ ሳቁብኝ።
«እሱን አይደለም። የጥንቱን። የሚንኳኳውን።
ጣት የሚልከውን፣ ጆሮ የሚያነበውን።»

ፈልጌ አገኘሁ፤ ሁለት ሜጋ የማትሞላ ፕሮግራም፤
መብራት ሁለቴ ሄዶባት በሦስተኛው ወረደች፣ ግድ የለም።
ቀጥል፣ ቀጥል፣ እስማማለሁ፣ ቀጥል፤
ያልተነበበ ውል ነው፣ ጠቅ ሲሉት ይጸድቃል።

ካሴቱ ሳይገባ፣ ማይኩ ክፍት ቀርቶ፣
ከታች የታክሲው ረዳት በሩን በመዳፉ መትቶ
«ለገሃር! ለገሃር! አንድ ሰው!» ሲል፣
ስክሪኑ ሦስት ፊደል ጻፈ፤ ትርጉም የለውም፣ ግን ፊደል።
«ጥሩ ነው» አሉ ጋሽ ወርዶፋ፣ «መስማት ይችላል።
ያልተላከለትንም ይቀበላል።»

ማይኩን ዘጋሁት፤ ቴፑን በገመዱ አገናኘሁ፤
መጀመሪያ ሽውታ፣ ቀጥሎ ጠብታ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ፤
አጭር፣ አጭር፣ ረጅም። ነጥብ፣ ነጥብ፣ ሰረዝ።
ዓይናቸው ተጨፍኗል፤ ጣታቸው ግን ሳይፈዝ
ጠረጴዛዬን ይነካል።

«ሙሉእመቤት ናት፤ ከጎሬ ጣቢያ፤ ሌሊቱን።
ሰረዟን ታስረዝማለች፣ ሰው እንደሚጎትት ወንበሩን።
ስሟን ሳትልክ በእጇ ነበር የምናውቃት፤
ጉንፋን የያዛት ዕለት፣ ሰረዟ ነበር የሚያሳጣት።»

ኮምፒውተሩ ሰረዟን ለካ፤ አልገባውም፤
ቃሉን ለአራት ቆራረጠው፤ ይቅርታም አላለም።
እኔ ከስክሪኑ ላይ ስባሪ ፊደል ስለቅም፣
እሳቸው ይስቃሉ፤ ቀልድ ነግራቸዋለች፣ አልተረጎሙልኝም።
በመጨረሻ ዝምታ። ከዚያ አራት ነጥብ። ካሴቱ አለቀ።
ስክሪኑ አንዲት ፊደል ጻፈና ደረቀ።

«አሁን አጥፊው።» «ካሴቱን?» «ኧረ ፕሮግራሙን።
ኮምፒውተርሽ አይጣበብ። እኔ ሰምቻለሁ የመጣሁበትን።»

ስሟን መረጥኩ፤ ‹አስወግድ› አልኩ፤
‹እርግጠኛ ነዎት?› የሚለው ሲመጣ፣ ለእሳቸው አነበብኩ።
«አየሽ፣ ይጠይቃል» አሉ። «እኛን ሲያነሱን፣
ቁልፋችንን ፈትተው፣ ሽቦውን ጠቅልለው ሣጥን ሲያስታቅፉን፣
እርግጠኛ ነህ ወይ ያለኝ የለም።»
‹አዎ›ን ተጫንኩ። መስመሩ ሞላ፤ ግን አልጨረሰም፤

‹አንዳንድ ፋይሎች አልወጡም።
በእጅዎ ያስወግዷቸው።›

‹በእጅዎ› የሚለውን ሁለቴ አስነበቡኝ።
እጃቸውን ገልብጠው አዩት። ኪሳቸው ከተቱት። ምንም አላሉኝ።
ለድካሜ ሃምሳ ብር አስቀመጡ፤ እምቢ ብል ተቆጡኝ።

ደረጃው ላይ ደርሼባቸው ጠየቅኩ፤ «የመጨረሻዋስ ምንድን ናት?»
«አራት ነጥቧ? እናንተ ዓረፍተ ነገር ትዘጉባታላችሁ፣ እውነት።
በእኛ ቁልፍ ግን ‹ሀ› ናት፤
ፊደል የሚጀመርባት።
ሠላሳ ዓመት ነው ይሄን ካሴት የምሰማው፤
ጨርሳ ይሁን ልትጀምር፣ ያኔ መስመሩ ተቋረጠ፤ አላወቅሁትም፤ ይኸው።»
ፌስታላቸውን ይዘው ወረዱ፣ አንድ እጃቸው በግድግዳው።

ተመልሼ ቁጭ አልኩ። የተረፈው ፎልደር ባዶ ይመስላል፤
ውስጡ አንድ ፋይል፣ ውስጡ ያቺ አንድ ፊደል።
‹ሰርዝ› የሚለው ላይ ጣቴን አሳረፍኩ፤
ሰረዟ ትዝ አለችኝ፣ የተጎተተው ወንበር፤ አነሳሁ።

ከታች ረዳቱ የታክሲውን በር አራቴ መታ።
ሾፌሩ ሰማ። ማርሽ አስገባ።